እጅ ከገበታ በላይ

ሐርጌሳ ውስጥ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የስልክ መጠገኛ በላይ በተከራየኋት ክፍል፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ለስድስት ሰዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ስድስቱም እንደ እኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ያደጉ የሐርጌሳ ሰዎች ስለሆኑ፣ ነገር ሲጠብቅባቸው ሳይታወቃቸው ወደ አማርኛ ይሻገራሉ። ባለፈው ሳምንት፣ በአንድ አስመጪ ድርጅት የምትሠራው ሁዳ ከመሥሪያ ቤቷ የመጣ ደብዳቤ ይዛ ገባችና በእርሳስ ያሰመረችበትን ቃል አሳየችኝ። «አባቭ-ቦርድ» ይላል።

«መምህር፣ አባቭ ‹በላይ› ነው፣ ቦርድ ደግሞ ሰሌዳ ነው። ለየብቻቸው አውቃቸዋለሁ» አለች። «ሲጋቡ ምን እንደሚወልዱ ነው የጠፋኝ።»

ክፍሉ ሳቀ። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የማይጠፋ ቅጽል መሆኑን፣ ትርጉሙም ቅን፣ ግልጽ፣ የተደበቀ ነገር የሌለበት እንደሆነ ነገርኳቸው። የቃልን አመጣጥ መቆፈር ከልጅነቴ ጀምሮ የተጠናወተኝ ልማድ ስለሆነ በዚያ አላበቃሁም። ቦርድ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን ገበታም ነበር፤ ሰው ከብቦ የሚበላበት፣ የሚማከርበት፣ የሚጫወትበት ጣውላ። እኛም «የሥራ አመራር ቦርድ» ስንል በመሠረቱ በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎችን መጥራታችን ነው። መዝገበ ቃላት በጥንቃቄ እንደሚነግሩን፣ ቅጽሉ የመጣው ከካርታ ተጫዋቾች ዘንድ ነው። እጁን ከገበታው ሥር ያወረደ ተጫዋች ካርታ ሊቀይር ይችላል፤ እጁን ከገበታው በላይ ያኖረውን ግን ሁሉም ስለሚያየው ያምነዋል።

«እንግዲያው ታማኝ ሰው ማለት እጁ የሚታይ ሰው ነው» አለች ሁዳ፣ ደብተሯ ላይ እየጻፈች።

አዎ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ግን አልወጣ አለኝ። «ለዛሬ ይበቃናል» ብዬ ሰዓቱ ሳይደርስ ክፍሉን በተንኩት። ይህን የቃል ታሪክ መጀመሪያ የነገረኝን ሰው፣ በነገረኝም ማግስት ያደረግሁትን ነገር አስታውሼ ነበር።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ድሬዳዋ አድጌ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ዲፕሎማ ይዤ ወደ ሐርጌሳ ከመጣሁ ገና አንድ ዓመት አልሞላኝም። የምኖረው 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር፣ በእናቴ ታላቅ ወንድም ቤት ነበር። አብቲ ኢስማኢል እላቸዋለሁ፤ አብቲ በሶማልኛ የእናት ወንድም ነው። ሶማልኛ አንተና አንቱ ብሎ አይለይም፤ እሳቸውን በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ «አንተ» ብሎ መጻፉን እምቢ ይለኛል።

አብቲ በከተማው የከብት ገበያ ደላላ ነበሩ። የዚያን ገበያ ሥርዓት ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልግለጽ። ዋጋ ጮክ ተብሎ አይጠራም። የሻጭ ደላላና ገዢው ፊት ለፊት ይቆሙና እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ በተያያዘው እጃቸው ላይ ሻል ይጣልበታል። ከዚያ በኋላ የሚናገሩት ጣቶች ናቸው። አንድ ጣት መጨበጥ አንድ ነው፤ አምስቱን ባንድነት መጨበጥ አምስት፤ የጣት አጋማሽ መንካት ደግሞ ግማሽ። ሰው ከብቧቸው ቆሞ ፊታቸውን ያነባል፤ ፊታቸው ግን ምንም አይናገርም። በዚህ ዓይነት፣ ድርቅ ያስጨነቀው ሰው መንጋውን በስንት እንደሰጠ ጎረቤቱ አይሰማም፤ ችግሩ በአደባባይ አይጠራም። ከእሱ ቀጥሎ የሚሸጠውም በእሱ ጭንቀት ዋጋ አይታሰርም። ከሻሉ ሥር የተስማማን እጅ በኋላ የሚክድ ሰው በዚያ ገበያ ሁለተኛ እጅ የሚዘረጋለት አያገኝም።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘለለ። ጂላል የሚሉት ደረቁ ወራት ከልኩ በላይ ረዘመ፤ አቧራው ሻይ ብርጭቆ ውስጥ እስኪዘቅጥ ድረስ ከተማውን ሸፈነው። አንድ የውጭ አገር እርዳታ ድርጅት፣ ከብቶቻቸው ላለቁባቸው ቤተሰቦች ፍየል ገዝቶ ለማከፋፈል መጣና አስተርጓሚ ፈለገ። አመለከትኩ። ከሚሞላው ፎርም ላይ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «በምትሠራበት ገበያ የሚነግድ ዘመድ አለህ?» ብዕሬን አንስቼ ብዙ አሰብኩ። ዘር በአባት ነው የሚቆጠረው፣ አብቲ ደግሞ የአባቴ ወገን አይደሉም፤ ደላላ ነጋዴ ነው ለማለትም ያስቸግራል፤ ደግሞስ በዚህ ከተማ ከማን ጋር የማይዛመድ ማን አለ? መጽሐፍ ያነበበ ሰው ለውሸቱ ምክንያት አያጣም። «የለኝም» ብዬ ጻፍኩ።

የሙከራ ጊዜዬ ሦስት ወር ነበር። ከዚያ ካለፍኩ ቋሚ እሆናለሁ፤ እናቴንም ከድሬዳዋ አመጣታለሁ። አብቲ ፎርሙን ያውቁ ነበር፤ ነግሬያቸዋለሁ። ምንም አላሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ገበያ ውስጥ ሲያገኙኝ በስሜ አይጠሩኝም፤ እንደማያውቁኝ «አስተርጓሚው» ይሉኝ ነበር። ለእኔ ሲሉ የእህታቸውን ልጅ እንደ ባዳ መጥራት ለመዱ።

የግዢው ኃላፊ ሚስተር ግራንት የሚባል ቀጭን እንግሊዛዊ ነበር። ቃል ይወዳል። መኪና ውስጥ ስንሆን እሱ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከሥሩ ይነቅልልኛል፤ እኔ በምላሹ የሶማልኛ ወይም የአማርኛ እሰጠዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጓደኝነት አላየሁም ነበርና ከእሑድ እስከ ሐሙስ ስሠራ የዕረፍቱ ዓርብ ይረዝምብኝ ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ዋሄን ከሚባለው የሸቀጥ ገበያ ወደ ቢሮ ስንመለስ ሁለት እጆቹን ከፊቱ ባለው የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ዘረጋና ያን ቅጽል ነገረኝ። ስለ ገበታው፣ ስለ ካርታ ተጫዋቾቹ፣ ስለሚታየው እጅ።

«ለምን ዛሬ እንደነገርኩህ ታውቃለህ?» አለ እጆቹን ሳያነሳ። «ስም የሌለው ወረቀት ደርሶኛል። ከደላሎቹ አንዱ በቢሮአችን ውስጥ ዘመድ አለው ይላል። ነገ ጠዋት ፍየል ከመግዛታችን በፊት ደላሎቹን በሰው ፊት አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። አንተ ትተረጉምልኛለህ። በዚያ ጨርቅ ሥር የሚደረገውም ነገር ይቁም፤ ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነገር። ሁሉ ነገር አባቭ-ቦርድ ይሁን።»

ያን ጊዜ ልነግረው እችል ነበር። መኪናው ውስጥ ሁለታችንና ሾፌሩ ብቻ ነበርን። «እሺ» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ከጭነት መኪናችን ሾፌር ከጋሽ ታደለ ጋር ቁርስ ተቀመጥን። ጋሽ ታደለ የሐረር ሰው ነው፤ በርበራና ሐርጌሳ መሐል ሲመላለስ ፀጉሩን ያሸበተ፣ የገበያ ሶማልኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ እንግሊዝኛን ደግሞ በጉልበት የሚናገር ሰው። የተጠበሰ ጉበት በላሖህ፣ የግመል ወተት የፈሰሰበት ሻይ ቀርቦልናል። ላሖህ ለማያውቀው፣ ከእንጀራ ያነሰና የወፈረ ታናሽ ወንድሟ ነው። እኔ አልቆረስኩም።

«ፕሮፌሰር፣ ጉበቱ በረደ» አለኝ። «ያንተም ፊት አብሮ በረደ። ምን ሆነሃል?»

«ጋሼ፣ ዛሬ አጎቴን የምጠይቃቸው እኔ ነኝ።»

«ምን ብለህ?»

«ቢሮው ውስጥ ዘመድ አለዎት ወይ ብዬ።»

ሳቀ። ከዚያ የሳቁ ጭራ አፉ ላይ ደረቀ። «ለኢስማኢል? አንተ? በዚህ አፍህ?» ጣቱን በላሖሁ ጠረገና ወደ እኔ ተጠጋ። «ስማኝ፣ አሁን ተነሥተህ ለፈረንጁ ንገረው። ካልሆነ ታመምኩ በልና ተኛ፤ እኔ ወባ ነው እልልሃለሁ፣ ወላሂ ብዬ እምላለሁ፣ ክርስቲያን መሆኔን እስኪረሱ ድረስ።»

«ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ ጋሼ።»

«ዘጠኝ ቀን!» አለና የእኔን ጉበት ወደ ራሱ ሳበው። «እንዳልተበላ አይቅር እንግዲህ።»

ገበያው ስንደርስ ፀሐዩ ገና ከገበያው ግንብ ከፍ ማለቱ ነበር። ፍየሎቹ በቡድን በቡድን ሆነው ይጮሃሉ፤ አቧራው፣ የእንስሳቱ ሽንትና የሻይ ቅመም አንድ ላይ ይሸታል። ሰዉ እኔን ሲያይ እንደ ወትሮው «ሐበሻው መጣ!» አለ፤ ሶማልኛዬ የድሬዳዋ ጠረን ስላለበት የሰጡኝ ቅጽል ስም ነው። የመጀመሪያዋ ሻጭ ኢዶ ከድራ የሚሏት አሮጊት ነበረች፤ «ኢዶ» አክስት እንደማለት ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ከመንጋዋ የተረፉትን ሠላሳ ያህል ፍየሎች እየነዳች ሦስት ቀን በእግሯ መጥታለች። ለእንስሳቱ የምታጠጣው ውሃ አልቆባታልና ያን ቀን መሸጥ ነበረባት፤ ይህን ፊቷ ሳይናገር የፍየሎቹ ጎን ይናገር ነበር። ደላላዋ አብቲ ነበሩ። የድርጅቱ ገዢ ከሆነው ከሐሰን ጋር እጃቸውን አያይዘው ሻሉን ጥለውበታል።

ሚስተር ግራንት ሰዉን ከፍሎ ገባ። «አቁሙ በላቸው። እጃቸውን ያውጡ።»

ተረጎምኩ። አብቲ ዓይኔን አላዩም። ሻሉን ገለጥ አደረጉና እጃቸውን አወጡ። በሕይወቴ ያን እጅ በዚያ ቦታ ተገልጦ አላየሁትም ነበርና አፈርኩ፤ ሳይፈቅድ የተገለጠ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ከበው የቆሙት ሰዎች አጉረመረሙ።

«ስሙን ጠይቀው» አለ ሚስተር ግራንት።

ጠየቅሁ። አብቲ የሚያውቁትን ስማቸውን ለሚያውቀው ልጅ ነገሩት። ተረጎምኩ።

«አሁን ደግሞ፣ ከእኔ ቢሮ ሠራተኞች መካከል ዘመድ አለው ወይ?»

ወደ ሶማልኛ የመለስኩት ቃል በቃል ነበር፤ እስካሁን ድረስ ጥያቄውን በትክክል እንደተረጎምኩ እርግጠኛ ነኝ። አብቲ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ምናልባት ዝም ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ምናልባት የለኝም ብለው ይሸፍኑልኛል፣ ሦስት ወር ሙሉ እንደሸፈኑልኝ። እሳቸው ግን ሻላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«አለኝ። ይህ የሚጠይቀኝ ልጅ የእህቴ ልጅ ነው። ቤቴ ያድራል፣ ገበታዬ ላይ ይበላል። ለእሱ ብዬ አንዲት ፍየል በማይገባ ዋጋ አልሸጥኩም፣ አልገዛሁምም። አላህ ያውቃል፣ ይህ የቆመው ሰውም ያውቃል።»

ሚስተር ግራንት ወደ እኔ ዞረ።

«የለኝም ይላል» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ከኋላ አንድ ሰው ትንሽ ሳቅ አመለጠው፤ ሌላው «አስተግፊሩላህ» አለ። የእንግሊዝኛውን «ኖ» የማያውቅ ማን አለ? እዚያ ከቆሙት ሁሉ አብቲ የተናገሩትን ያልሰማ ሚስተር ግራንት ብቻ ነበር፤ እኔ የተናገርኩት ያልገባው ማንም አልነበረም።

«ያ ሁሉ ንግግር ‹የለኝም› ማለት ነው?» አለኝ ቅንድቡን አንሥቶ።

«ሶማልኛ ይረዝማል» አልኩ።

ሳቀ። እንዲያውም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ደህና፣ እንግዲያውስ ዋጋውን ጮክ ብለው ይናገሩና እንቀጥል።»

አብቲ ግን ሻላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አቧራውን አራገፉ፤ አንድ ጊዜ አጠፉት፣ ሁለተኛ አጠፉት። ለኢዶ ከድራ ዝቅ ብለው «እህቴ፣ ሌላ ደላላ ፈልጊ። እኔ ዛሬ እጅ የለኝም» አሏትና ሰዉ በከፈተላቸው መንገድ ወጡ።

«ለምን ይሄዳል?» አለ ሚስተር ግራንት።

«ለሶላት» አልኩት። ገና ጠዋት ነበር፤ ለቀትሩ ሶላት ሰዓታት ይቀሩ ነበር።

ያን ጊዜ ኢዶ ከድራ በበትሯ መሬቱን መታች። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሰዉ ዞራ ነበር የተናገረችው። «ይህ ሐበሻ ያጎቱን ቃል አጎቱ ፊት ከለወጠ፣ የእኔንማ መንገድ ላይ ያርደዋል! ፍየሎቼ በጥም ይሙቱ እንጂ በዚህ አፍ አልሸጥም።» ፍየሎቹንም እየጠራች ማንቀሳቀስ ጀመረች።

«ምን እያለች ነው?» አለ ሚስተር ግራንት። «ለምን ትወስዳቸዋለች?»

ሁሉም አየኝ። ፍየሎቹ አንድ በአንድ ወደ መውጫው ይጎተታሉ፤ አንዲቱ በጉልበቷ ወደቀችና ኢዶ ከድራ በሁለት እጇ አነሣቻት። ውሃ የት እንደምታገኝላቸው አሰብኩ። ጋሽ ታደለ ከመኪናው ወርዶ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ዝቅ ባለ አማርኛ፣ ለእኔ ብቻ ተናገረ።

«ሁለት ውሸት ሆነ። ሦስተኛውን ቆሜ አላይልህም። ካልነገርከው በዚያች በሰባራ እንግሊዝኛዬ እኔው እነግረዋለሁ፤ ያኔ ደግሞ የባሰ ነው የሚወጣልህ።»

ነገርኩት። ከፎርሙ ጀመርኩ፣ በሶላቱ ጨረስኩ። አብቲ የተናገሩትን ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩለት፤ ከተናገሩት ከሩብ ሰዓት በኋላ። ስጨርስ ሚስተር ግራንት ዓይኑን ከፍየሎቹ ኮቴ ላይ አነሣ።

«ፎርሙ ላይ እውነቱን ጽፈህ ቢሆን» አለ «ሌላ ከተማ ገበያ እመድብህ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም።»

ይህ ዐረፍተ ነገር ዛሬም ድረስ ከቆዳዬ ሥር አለ።

ከዚያም አንድ የመጨረሻ ነገር አስተረጎመኝ። «ሴትዮዋን፣ በማን አፍ ልትናገር እንደምትፈልግ ራሷ ትምረጥ በላት።»

ኢዶ ከድራ ዞር ብላ ተመለከተችና በበትሯ ጋሽ ታደለን አመለከተች። «ያ ሽማግሌ ሐበሻ ይሁን። ሲጭን አይቼዋለሁ፤ የፍየል እግር አይሰብርም።»

ሰዉ ሳቀ፤ ጋሽ ታደለም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ ሙሽራ አጎነበሰ። እኔ መኪናው ውስጥ እንድቀመጥ ታዘዝኩ። በመስኮቱ ያየሁትን ነው የምናገረው። ጋሽ ታደለ የሚስተር ግራንትን እጅ ያዘና ጣቶቹን አንድ በአንድ እየጨበጠ «ዲስ ዋን! ዲስ ፋይቭ! ኖ ቶክ! ቶክ ፊኒሽ!» ይላል። እንግሊዛዊው እንደ ተማሪ አንገቱን ይነቀንቃል። ከዚያ ሌላ ደላላ መጣ፤ ሻሉን አወረደ፤ ሚስተር ግራንትም ትንሽ አመነታና እጁን ከሥሩ አስገባ። ከዚያ በኋላ የሰዉ ጀርባ ግርዶሽ ሆነብኝ። በስንት እንደተስማሙ አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም። ኢዶ ከድራ ግን ፍየሎቿን ስማቸውን እየጠራች ወደ መኪናው ስታስረክብ አየኋት።

ከሥራው ተሰናብቼ ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ከገበያው እስከ 31 ሜይ ያለው መንገድ ያን ያህል አይረዝምም፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ስገባ አብቲ በግቢው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ምሳ ቀርቦላቸዋል፤ ሩዝ ላይ የፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሙዝ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ «አብቲ፣ ይቅር ይበሉኝ» ከሚለው በስተቀር አንዱም አልመጣልኝም።

«ፎርሙ ላይ የካድከኝ ጊዜ ዝም አልኩ» አሉ፤ ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ወጣት ነው፣ እንጀራ ፈልጎ ነው አልኩ። ወረቀት ነው ደግሞ። ዛሬ ግን አፌን ከፍቼ የተናገርኩትን ነው የወሰድክብኝ። እኔ ከቃሌ ሌላ ምን ሀብት አለኝ?»

ቀጥለው ሩዙን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ብላ፤ ይበርዳል።»

ከቤታቸው አላስወጡኝም። እናቴ ስትመጣ ክፍል ሰጧት፤ ስትድረኝም ከፊት ቆሙ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ሲመጣላቸው፣ የመንግሥት ደብዳቤ ይሁን የመድኃኒት መመሪያ፣ እጥፍ አድርገው በደረት ኪሳቸው ይከቱና ዋሄን ድረስ ሄደው ለማያውቁት ጸሐፊ ከፍለው ያስነብቡ ነበር። እኔ በዚያው ግቢ ውስጥ፣ በበሩ ላይ «ሕጋዊ ተርጓሚ» የሚል ሰሌዳ ሰቅዬ እሠራለሁ። የከተማው ሰው ውርሱንና ውሉን አምኖ ያመጣልኛል፤ አጎቴ ግን በፊቴ አልፈው ይሄዳሉ። ቂም እንዳይደለ አውቃለሁ። በገበያው ሕግ ነው የኖሩት፤ የካደ እጅ ላይ ሻል አይጣልም።

በእነዚያ ዓመታት ስለዚያ ቀን ብዙ አነበብኩ፣ ብዙም አሰላሰልኩ። እንግሊዞች ማታለል በሥውር እጅ እንደሚኖር ከካርታ ጨዋታ ተማሩና ለታማኝነት ያን ቅጽል አወጡ፤ ትምህርቱም ትክክል ነው፣ ለካርታ። እኔ ግን በሕይወቴ ትልቁን ማታለል የፈጸምኩት በጠራራ ፀሐይ፣ መቶ ሰው ከቦኝ፣ ሁለት እጆቼ እየታዩ ነበር። ሁዳን አዎ ልላት ያልቻልኩት ለዚህ ነበር። ክፍል ለመበተን ሰበብ የሚሆን አይደለም፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እውነቱን እነግራታለሁ።

ሁዳ ከጠየቀችኝ ከሦስት ቀን በኋላ አብቲን ወደ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። በዚህ ዓመት ደረጃ መውጣት አቅቷቸዋል። ከውጭ ለጥቂት ሳምንታት የመጣ የልብ ሐኪም መረመራቸው፤ ውጤቱን ሊነግራቸው ሲቀመጥ፣ ሁልጊዜ የምታስተረጉመው ነርስ ወንበሯን አስጠጋች። እኔ እንደለመድኩት ልወጣ ተነሣሁ።

«አንቺ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሏት አብቲ ለነርሷ። ከዚያ ሳያዩኝ «አንተ ተቀመጥ። አንተ ንገረኝ» አሉ።

ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ልባቸው መድከሙን፣ በዚህ ዕድሜ ቀዶ ጥገና እንደማይሞከር፣ መድኃኒቱ እንደሚያቀል እንጂ እንደማይመልስ፣ ገበያ መዋል እንዲያቆሙ፣ ከቤተሰብም ጋር የሚነጋገሩት ነገር ካለ ባያዘገዩት ጥሩ እንደሆነ። አፌ ላይ ሁሉም ዐረፍተ ነገር ለስለስ ልበል እያለ ይለምነኝ ነበር። «ትንሽ ደክሞዎታል ይላል» ብል ማን ይወቅሰኛል? እንዳለው አድርጌ ነገርኳቸው። ሐኪሙ የተናገረውን ያህል ጊዜ ተናገርኩ።

አብቲ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «የቀረ አለ?»

«አንድ አለ» አልኩ። «ሲጨርስ ‹በጣም አዝናለሁ› ብሏል። የሚጠቅምዎት ስላልመሰለኝ ተውኩት።»

«እሱንም ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ወጣት ሳለሁ ቃል የተርጓሚው ይመስለኝ ነበር፤ እሱ መዝኖ፣ እሱ ቆርሶ የሚያድለው። ጎረምሳ እያለሁ የወሰድኩባቸውን ለመመለስ አሥራ ሦስት ዓመት እንደሚፈጅ፣ የሚመለሰውም እንዲህ ባለ ወሬ እንደሆነ ማን ይገምታል?

«አይዘን በለው» አሉ ወደ ሐኪሙ እያዩ። «በደንብ ተነግሮኛል።»

ወደ ሐኪሙ ዞርኩና ሁለቱንም ዐረፍተ ነገር እንዳሉት አልኩ።